ደራ ስንት ሰጠ?

ጓድ መርዳሳ ፊልም የሚመዝኑት በእጅ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ እሳቸው ከፊት ይቆሙና «ፊልሙን የወደዳችሁ እጃችሁን አውጡ» ይላሉ። አዳራሹ በአንድ አፍታ እጅ በእጅ ይሆናል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ እንኳ ጎረቤቱ በክርኑ ሲጎሽመው ብድግ ብሎ ያወጣል፤ ለጥንቃቄ ሁለቱንም የሚያወጣም አይጠፋም። እንግዲህ በዚያ ዘመን እጅ አውጣ ተብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ የሚተው ማን ነበር? ጓድ መርዳሳም «በሙሉ ድምፅ ተወዷል» ብለው ይጽፋሉ። የመሥሪያ ቤቱ ፊልሞች አንድም ሳይቀር በሙሉ ድምፅ የተወደዱ ነበሩ።

የሺዓለምን ይህ ነገር ያበግናት ነበር። የናዝሬት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የሰው አስተያየት እንዴት እንደሚለካ ነው፤ አሁን ግን ጓድ መርዳሳ በሚመሩት የጤና ትምህርት ፊልም ክፍል ተቀምጣ የእሳቸውን «በሙሉ ድምፅ» በታይፕ ስትመታ ትውላለች። ሰው ፊልም አይቶ ልቡ ውስጥ የሚያድረውን ማወቅ ይቻላል ብላ ታምናለች፤ ፍርሃቱን ካነሱለት፣ ጎረቤቱን ካራቁለት፣ አፉን ሳይከፍት እውነቱን የሚያወጣበት መንገድ ካበጁለት። ይህን ስትናገር ባልደረቦቿ ይስቁባታል። ሲስቁባት ደግሞ ጆሮዋ ይቀላል።

ስትነዘንዝ ስትነዘንዝ መጨረሻ ላይ ጓድ መርዳሳ ተሸነፉ። «በይ እሺ፤ አዲሱን የተቅማጥ ፊልም ውሰጂ። አንድ ከተማ፣ አንድ ገጠር አሳዪና ሁለት ቁጥር አምጪልኝ። እስከ ዓርብ። ካመጣሽ ከእንግዲህ የምንለካው በአንቺ መንገድ ነው። ካላመጣሽ ግን ይህን ቆርቆሮሽን ሰብስበሽ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ፤ እዚያ የሚለካ ነገር የለም፤ አቧራ ብቻ ነው» አሏት።

ቆርቆሮ ያሉት ጣሳዎቿን ነው። አምስት ናቸው፤ ከትንሿ የሳልሳ ጣሳ እስከ ትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ በቁመታቸው ተራ ከመጋረጃ ጀርባ ይደረደራሉ። ተመልካቹ ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ፍሬ ባቄላ ይሰጠዋል። ብቻውን ወደ መጋረጃው ጀርባ ይገባል፤ ፊልሙ ምንም ያልነካው ትንሿ ውስጥ፣ እጅግ የነካው ትልቁ ውስጥ ጣል አድርጎ ይወጣል። ማንም አያየውም። ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም። የሺዓለም ይህን ያሰበች ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳዋን ረስታ ዋለች።

ፊልሙ አጭር ነው። አንዲት ቀጭን ሴት ከአንድ ሕፃን ጋር ትታያለች፤ ሕፃኑ የፍየል ጆሮ ይዞ ይስቃል። ቀጥሎ ይታመማል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል። ቀጥሎ አልጋው ባዶ ነው፤ ሴትየዋ የጎጆዋን ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ከላይ የአንድ ሰውዬ ወፍራም ድምፅ «ይህች እናት ባለማወቋ ልጇን ውሃ ከለከለችው» እያለ ያስረዳል። ከዚያ ስኳርና ጨው እንዴት እንደሚበጠበጥ ታይቶ ያልቃል። ሴትየዋ ማን ናት ብላ የሺዓለም ስትጠይቅ ጓድ መርዳሳ «ተዋናይ ናታ» ብለዋት ነበር።

ናዝሬት ላይ በቀበሌው አዳራሽ አሳየች። ከተሜው ፊልም ያውቃል፤ በየሳምንቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ ከህንዶቹ ጋር ሲያለቅስ የኖረ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ባቄላውን እየተቀበለ በሥርዓት ገባ፣ በሥርዓት ወጣ። ልብስ ሰፊው አብዱናሲር መውጫው ላይ ቆም ብሎ አስተያየቱን በነጻ ጨመረላት። «ፊልሙ ጥሩ ነው እህቴ። ተዋናይዋ ግን ትንሽ ይጎድላታል። ልጅ ሞቶባት እንዲህ ዝም? ደረቷን እንኳ ብትመታ ምን ነበረበት?»

የሺዓለም ጣሳዎቹን ገለበጠች። ባቄላው በየጣሳው ፊት ሲከመር ኮረብታ ሠራ፤ ዳርና ዳሩ ዝቅ፣ መሀሉ ከፍ። መምህሯ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስሉት የነበረው ኮረብታ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በጨለማ አንድ አንድ ፍሬ ጥለው ይህን ቅርጽ አወጡ። ማን አዘዛቸው? ማን አስተካከላቸው? የመቅደስ መጋረጃ ተገልጦ ያየች ያህል አፏን ይዛ ቆመች። የልብ ነገር መልክ አለው፤ እሷም በዓይኗ አይታዋለች።

ወደ ደራ የወሰዷት ጋሽ ገመቹ ናቸው። ጋሽ ገመቹ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ናቸው፤ ፊልም የሚያጫውቱትም፣ ኦሮምኛ የሚያስተረጉሙትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ላንድሮቨሯ መልካሳን አልፋ አዋሽን ስትሻገር የሺዓለም አሁንም ስለ ኮረብታዋ ታወራላቸው ነበር። «እሺ እህት የሺ፣ ገባኝ፣ ኮረብታ ነው» ይላሉ እሳቸው፤ ዓይናቸው ግን መንገዱ ላይ ነው።

ደራ ላይ ፊልሙ የሚታይበትን አቡጀዲ በገበያው ሜዳ፣ በሁለት ግራሮች መሀል ወጠሩት። ሲመሽ ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ከዘራ የያዘው። የብዙዎቹ የመጀመሪያ ፊልም ነው። ሕፃኑ የፍየሏን ጆሮ ሲይዝ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አልጋው ባዶ ሆኖ ሲታይ ግን አንድ ድምፅ ከሴቶቹ መሀል ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ገመቹ በድምፅ ማጉያ ስለ ስኳርና ጨውም ስለ ጣሳዎቹም ሲያስተረጉሙ የሚሰማቸው አልነበረም። የሺዓለም እጅጉን ደስ አላት። ለምን ደስ አይላት፤ ትልቁ ጣሳ ሲሞላ ይታያት ነበራ። ሰው እንባውን እየጠረገ ባቄላውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አንዳንዱ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጽናቸው» አላት፤ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ፤ ወጣ። እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው አለች በልቧ።

ጠዋት ጣሳዎቹን ገለበጠች። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛው፣ አራተኛው ባዶ። ከትልቁ ጣሳ አንዲት ባቄላ ብቻ ጠብ አለች፤ እሷንም የጣለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መሆኑን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። የሺዓለም ጣሳውን አራገፈችው። መሬቱን ፈለገች። ቁጭ አለች። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት፣ የስንት ጊዜ ንዝንዝ፣ የናዝሬቱ ኮረብታ፣ ሁሉም ከአንድ ባዶ የሳልሳ ጣሳ ጋር እጇ ላይ ቀረ። መዝገብ ቤቱ አቧራው ሳይቀር ሸተታት።

እሷ እንዲህ ተክዛ ሳለ ሴቶች መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ በሰፌድና በቅል የተሸፈነ ነገር ይዘዋል። ከፊት ያሉት አሮጊት አዴ ቡዜ ይባላሉ፤ አማርኛም ይችላሉ፤ ደራ ላይ ልጅ ሲወለድ የሚጠሩት እሳቸው፣ ሰው ሲሞትም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«አካም ቡልተኒ? እንዴት አደራችሁ?» አሉ። ከዚያ ሳይቀመጡ «ለቅሶ ቤቱ የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የምን ለቅሶ ቤት?» አለች የሺዓለም።

«የልጅቷ ነዋ! ትናንት ያሳየሽን፣ ልጇ የሞተባት። ንፍሮ ስትሰጡን ጥሬውን ነው። እኛ ቤታችን ገብተን አለቀስን፤ ምን ያህል ሰው ቢያጡ ነው የሚቀቅልላቸው እንኳ የጠፋ ብለን። ከራሳችን ስንዴ ጨምረን፣ ያንንም ባቄላ አብረን ቀቀልነው። ይኸውና።» ሰፌዱን ገለጡት። ንፍሮው ገና ይሞቃል።

የሺዓለም መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባት። የሞት ወሬ አሰምታ፣ ሕዝቡን አስለቅሳ፣ መውጫው ላይ ቆማ ለእያንዳንዱ ሰው እህል አድላለች። በዚህ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች፤ ያሳደጋት ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ናዝሬት ነው። ግን መለኪያዋን እያየች ሰውን አላየችም። ንፍሮ ተቀብሎ ጣሳ ውስጥ የሚጥል ማን አለ?

«አዴ ቡዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ፊልም እኮ ነው። ሴትየዋ ተዋናይ ናት። የሞተ ልጅ የለም።»

አዴ ቡዜ ትኩር ብለው አዩዋት። አልተቆጡም፤ እንደ ማዘን አሉ እንጂ። «ልጄ፣ እኔ ስንቱን ቀብሬያለሁ። ለቅሶ ላይ ሰው ይያዛል። አንዷ ክንዷን፣ አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ነጠላዋን ታነሣላታለች። ሐዘንተኛን ብቻዋን አይተዉአትም። ያቺን ማን ያዛት? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈለግኩ። እጅ የለም። ውሸት ቢሆን የሚይዛት ሰው አምጥተው ይሠሩት ነበር፤ ለቅሶ እንዲመስል። እውነት ሆኖ ነው የጎደለው። ይቺ ልጅ ሰው የላትም።»

የሺዓለም ጭው አለባት። ይህን ፊልም ሲቆረጥና ሲቀጠል አይታዋለች፤ የት ጋ ብርሃኑ እንደሚደበዝዝ፣ የት ጋ ሴትየዋ ዓይኗን እንደምትጨፍን በቃሏ ታውቃለች። ከሴትየዋ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ግን አንድ ቀን አላየችውም። አብዱናሲር አላየውም፤ ኮረብታውን የሠራው ናዝሬት ሁሉ አላየውም። እነዚህ ሰዎች አንዴ ብቻ፣ በነፋስ በሚርገበገብ አቡጀዲ ላይ አይተው፣ ካሜራው ያላነሣውን ነገር አዩ።

ወደ አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ሮጣ ስልክ አስደወለች።

«ደራ ስንት ሰጠ?» አሉ ጓድ መርዳሳ ገና «ሃሎ» ሳትል።

«ጓድ፣ ያቺ ሴት ተዋናይ ናት?»

«የእርሻ ሠራተኛ ናት፤ ዝዋይ። ስለ ተቅማጥ ፊልም ልናነሣ ሄደን ልጁ ታሞ አገኘነው፤ ያው... አጋጠመን። ካሜራው እዚያው ነበር። ምን አድርጉ ነው የምትይው? ፊልሙ ስንቱን ልጅ ያድናል! አሁን ይህን ተዪና ቁጥሬን ስጪኝ።»

«ቁጥር የለም።»

«እንግዲያው ዛሬ ማታ ድገሚና አሳዪ፤ ነገ ዓርብ ነው። ፊልሙ እንደሆነ በናዝሬቱ ቁጥር ብቻም ይባዛል። የሚቀረው ያንቺ ጣሳ ነው» ብለው ዘጉት።

የሺዓለም ስትመለስ ሴቶቹ ከላንድሮቨሯ ጎን ቆመው ይጠብቋታል። መድገም ትችላለች። በባቄላ ፈንታ ጠጠር ብታድል፣ ጋሽ ገመቹ ረጋ ብለው ቢያስረዱ፣ ነገ ጠዋት ኮረብታዋን ይዛ አዲስ አበባ ትገባለች። የፈለገችው ይኸው ነበር፤ እጇ ላይ ነው። ንፍሮውን አየችው። እየቀዘቀዘ ነው።

«ለቅሶ ቤቱ ዝዋይ ነው» አለች። «እኔ እወስዳችኋለሁ።»

ጋሽ ገመቹ ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ገፍተው ለሴቶቹ ቦታ አበጁ። ሞጆ ኬላ ላይ ጠባቂው ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየና፣ ወረቀት ሳይጠይቅ ገመዱን ዝቅ አደረገላቸው። የሺዓለም ሥራዋን ከኋላዋ ጥላ እየሄደች እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ላንድሮቨሯ ቆማ እንድትመለስ አንድም ጊዜ አልተመኘችም።

የሴትየዋ ስም ዘርፉ ነው። ከድርቁ አገር የመጣች፣ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ ከሕፃኗ ጋር ዝዋይ የደረሰች ናት። በእርሻው መጋዘን ቲማቲም ትመርጣለች። የደራ ሴቶች ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ሲገቡ ሠራተኛው ሁሉ ብድግ አለ። ዘርፉም ብድግ አለች፤ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ የማን ሰው ሞቶ ይሆን ብላ። ሴቶቹ ግን ማንንም ሳያዩ ወደ እሷ መጡ።

«ማነው የሞተው?» አለች ግራ ገብቷት።

«ልጅሽ» አሏት አዴ ቡዜ፤ ቀኝ ክንዷንም ያዙ። አንዷ ግራ ክንዷን ያዘች። አንዷ ወገቧን አቀፈች።

ዘርፉ እስከዚያች ሰዓት ቆማ ነበር። ልጇን የቀበረች ቀን ቆማለች፤ በማግስቱ ሥራ ገብታ ቆማለች፤ የሚይዛት ሳይኖር ብትወድቅ ማን ያነሣታል? አሁን ግን ሙሉ ክብደቷን በማታውቃቸው ሴቶች ክንድ ላይ ጣለችና ጮኸች። አብዱናሲር ይጎድላል ያለው ያ ጩኸት መጋዘኑን ሞላው። የቲማቲም ሣጥን የተሸከሙ ወንዶች ሣጥናቸውን እያወረዱ ተቀመጡ። የሺዓለም ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ሰው አንድ ማታ ፊልም አይቶ ያደረበት ነገር ተራራ ዞሮ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ንፍሮ ተሸክሞ ሲደርስ። ይህን በየትኛው ጣሳ ልትለካው ነበር?

ንፍሮው ታድሎ ሰው ሲረጋ ዘርፉ «ልጄን የት አያችሁት?» አለች። ነገሯት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የምትጠይቀው ነገር የሚያስቅባት እየመሰላት፣ «ይንቀሳቀሳል?» አለች።

ሲመሽ ጋሽ ገመቹ አቡጀዲውን በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ፕሮጀክተሩን ከማስነሣታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ድምፁ ማዞሪያ ሰደው ዘጉት፤ ያ ወፍራም ድምፅ የሚለውን እሷ እንድትሰማ አልፈለጉም። ሕፃኑ መጣ። የፍየሏን ጆሮ ይዞ ሳቀ። ዘርፉ አፏን በነጠላዋ ይዛ አብራው ሳቀች፤ «አይ፣ አይ፣ ትነክሰሃለች!» አለችው። ከዚያ ባዶው አልጋ መጣ፤ ከዚያ ራሷ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ብቻዋን። እዚህ መጋዘኑ ውስጥ ግን አዴ ቡዜ በቀኝ፣ ሌላዋ በግራ ጥብቅ አድርገው ይዘዋታል።

አልቆ መብራት ሲበራ የሺዓለም ፊቷ ሄዳ ተንበረከከች። «ሳልጠይቅሽ አሳየሁብሽ። አላወቅኩም ነበር፤ ግን አሳየሁ። እንዳይታይ ከፈለግሽ ደረቴን ሰጥቼ እከላከላለሁ።»

«ለምን አይታይም?» አለች ዘርፉ ደንግጣ። «እኔ እኮ እዚህ ዘመድ የለኝም። አገር ሁሉ ይየው። አገር ሁሉ ያልቅስለት። ስሙን ብቻ ንገሩልኝ፤ ሕፃን ሕፃን አትበሉት። ዘገዬ ነው ስሙ።»

አዴ ቡዜ ስሙን በሙሾ ተቀበሉ። ሴቶቹ ከእሳቸው ተቀበሉ። የሺዓለምም ስትጮህ የገዛ ድምፅዋ ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባት።

ሰኞ ጠዋት ጓድ መርዳሳ ፊት ቀርባ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ልበ ድንጋይ አልነበሩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ ጠረጉት። «ይህ ግን ቁጥር አይደለም» አሉ መጨረሻ ላይ።

«አይደለም» አለች የሺዓለም።

መዝገብ ቤት ገባች። ፊልሙ ተባዛ፤ ጓድ መርዳሳም ወደ እጅ ማስወጣታቸው ተመለሱ። ጋሽ ገመቹ ግን የሚያጫውቱት ቅጂ ላይ ድምፁን እየዘጉ፣ ስለ ስኳርና ጨውም ስለ ዘገዬም በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። ለቅሶ ቤቱ የት ነው የሚላቸው ሲኖርም ዝዋይ ነው ይላሉ።

ክረምቱ ሲወጣ የሺዓለም ፈቃድ ጠይቃ ዝዋይ ወረደች። የዘርፉን ጎጆ ስትፈልግ አልተቸገረችም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በጋሪ የመጡ ሴቶች ከፊቷ እየገቡ ነበር። ከመቂ ናቸው። ከእነሱ በፊት የአሰላ ሰዎች መጥተው እንደሄዱ ጎረቤቷ ነገረቻት። ዘርፉ ወፈር ብላለች። እንግዶቿን ሁሉ አስቀምጣ ስትጨርስ መቀመጫ አልቆ ደጃፉ ላይ የቆመችውን የሺዓለምን አየቻትና ሮጣ አቀፈቻት።

«ምን ላድርግ የሺ» አለቻት በጆሮዋ፤ ልትስቅም ልታለቅስም እየቃጣት፤ «ዘመድ በዛብኝ።»